የማሽን ጥርስና ሞላ ለማሳየት ብቻ ክፍል ልክፈት? እብደት ነው ወይስ ያስኬዳል? (ቱሉ ዲምቱ)

ቶርኖ_ቱሉዲምቱ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ ረጅም ነው ታገሱኝ። ቱሉ ዲምቱ የበርና መስኮት ብረታ ብረት ቤት አለኝ፣ አንድ ቶርኖ ሁለት ብየዳ፣ ሦስት ልጆች አብረውኝ ይሰራሉ። ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲገባበት ስራው ፋታ አይሰጥም ነበር አሁን ቀዝቀዝ ብሏል። እና ማታ ልጆቹ ሲወጡ እኔ ሌላ ነገር እሰራለሁ፣ ባለቤቴ ምን ይሰራል ይሄ ብላ ጠይቃኝ መልስ አጥቼ አውቃለሁ። ለምሳሌ ከላሜራ ቆርጬ ቡና የምትቆላ ሴትዮ ሰርቻለሁ፣ በመኪና ዋይፐር ሞተር ነው የምትንቀሳቀሰው፣ ምጣዷን ወዘወዘ ታደርግና በየሰባት ውዝዋዜው ቀና ብላ አንገቷን ታዞራለች፣ ጭስ የበዛባት ትመስላለች። ሌላው ከባጃጅ ጥርስና ከሲኖትራክ ኩሽኔታ የሰራሁት ትልቅ ባለ ፔንዱለም ሰዓት ነው፣ በ10 ኪሎ ብረት ክብደት የሚሄድ፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያገባውም።

ነገሩ የተነሳው የእህቴ ልጅ ከዱባይ ለፋሲካ መጥቶ አንድ ቪዲዮ ሲያሳየኝ ነው። ዱባይ ሞል ውስጥ ማድ ጋለሪ የሚባል ቤት አለ፣ የሚንቀሳቀስ የብረት ጥበብና ሰዓት የማይመስል ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳያሉ። አንዱ ክንፍ የሚመስል ብረት ቀስ ብሎ ይቀዝፋል፣ በቃ ሌላ ስራ የለውም፣ ይቀዝፋል። ሦስቴ አስደግሜ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ፊት ለፊት ያለችውን 3 በ4 የሆነች የቆርቆሮ ክፍል ባዶ አድርጌ እንደዛ ባደርጋት የሚል ሀሳብ ገብቶብኝ እንቅልፍ ነሳኝ።

ግን ፈራሁ። አንደኛ ከዚህ በፊት አንድ ሆቴል የሚሽከረከር ትልቅ ጎማ መሰል ስራ ገዝቶኝ ነበር፣ ከወራት በኋላ ልየው ብዬ ብሄድ ድምፁ እንግዳ ይረብሻል ብለው በብየዳ አጣብቀውታል። የምላችሁ የተበየደ ጎማ ነው፣ አበባ አንጠልጥለውበታል። ሁለተኛ እዚህ አቧራው አይጣል ነው፣ መብራትም እንደምታውቁት። ሦስተኛ ሰዓቱን ሰው ያየዋል ካልኩ ልክ መሆን አለበት፣ ከኢንተርኔት ባገኘሁት ልክ ፔንዱለሙን 99.4 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አንዷ ውዝዋዜ አንድ ሰከንድ እንድትሆን ነበር የሰራሁት፣ ግን በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ምናምን ወደ ኋላ ይቀራል። ጥርሶቹን ሁለቴ ፈትቼ ቆጥሬያለሁ ልክ ናቸው። በዛ ላይ በሀበሻ ሰዓት ላድርገው በፈረንጅ? እስቲ የገባችሁ ምከሩኝ።

ኑሮ_በዘዴ

ወንድሜ የደላው ሙቅ ያኝካል ይባላል። ሰው ኪራይ መክፈል አቅቶት አንተ ቆርቆሮ ሴትዮ ቡና ትቁላ ትላለህ። ይቅርታ አድርግልኝ ግን የነዚህ የማድ ጋለሪ ሰዎች ሰዓት የቤት ዋጋ ነው፣ የሚያሳየው ግን የኔ ካሲዮ የሚያሳየውን ነው። እንደውም የኔዋ ኤፍ 91 በወር 30 ሰከንድ ነው ቢበዛ የምትስተው፣ ስዊዞቹ ክሮኖሜትር ብለው ወረቀት የሚሰጡት ሜካኒካል ማሽን ግን በቀን 4 ሰከንድ ቢዘገይ ወይ 6 ሰከንድ ቢፈጥን ልክ ነው ይባላል። በወር አስሉት። በር ስራ ወንድሜ፣ በር ይሸጣል።

ሰዓት_ሰሪ_ለገጣፎ

ኑሮ በዘዴ ስሌትህ ልክ ነው፣ እኔም ሰዓት ሰሪ ሆኜ አልከራከርህም። ትክክለኛነት ከተባለ ነገሩ ያለቀው ሴይኮ በ1969 ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ያወጣ ጊዜ ነው፣ ዛሬ በየሰዓቱ ውስጥ ያለው ኳርትዝ፣ በባትሪ የሚንቀጠቀጠው ድንጋይ ማለቴ ነው፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ያለው ማሽን ግን፣ ባላንስ ወዲያ ወዲህ እያለች ጊዜ የምትቆጥረው ጎማ ናት፣ ባብዛኛው በሰከንድ 8 ጊዜ ቢመታ ነው፣ የት ይደርስበታል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ሜካኒካል ሰዓት የሚሰራ ሰው ሰዓት ለማወቅ ብሎ አይደለም የሚሰራው። ፈረስ ጋልበህ ቦሌ የምትሄደው ለመድረስ ነው እንዴ?

ቶርኖ ወንድሜ፣ ያየኸውን ቤት አውቀዋለሁ፣ እኛ ሰዓት ሰሪዎች ማታ ማታ የምናየው እሱን ነው። ባለቤቱ ማክሲሚልያን ቡሰር ይባላል፣ ትልልቅ ሰዓት ቤቶች ውስጥ ሰርቶ ሰርቶ በ2005 የራሱን ኤምቢ ኤንድ ኤፍ ጀመረ፣ ኤፍዋ ጓደኞች ማለት ናት፣ ማሽኑን ማን ነደፈው፣ ጥርሱን ማን ቆረጠው፣ ማን አሳመረው ብሎ አብረውት የሰሩትን በስም ይዘረዝራል። ይሄን ነገር ከሰውየው እወድለታለሁ። የመጀመሪያውን ጋለሪ ጄኔቭ ላይ በ2011 ከፈተ። ማድ ያለው ሜካኒካል አርት ዲቫይስስ ለማለት ነው። እሱ እንደሚያወራው ሰዓት ሻጮቹ ይሄማ ሰዓት አይደለም ጥበብ ነው ሲሉት፣ ጥበብ ሻጮቹ ደግሞ ይሄማ ሰዓት ነው ሲሉት መሄጃ ሲያጣ ነው የራሱን በር የከፈተው። ያንተን ሁኔታ አይመስልህም? ብረት ቤት ነው ስትባል ጥበብ፣ ጥበብ ነው ስትባል ብረት ቤት።

ከሰዓቶቹ አንዱን ብቻ ልንገርህ፣ በ2011 ያወጡት ኤልኤም 1 የሚባለው። በተለምዶ ባላንሷ ከኋላ ተደብቃ ነው የምትኖረው፣ እኔ ክዳን ስከፍት ነው የማያት። እነሱ አውጥተው ከፊት፣ ከቁጥሮቹ በላይ፣ በሁለት ቅስት ብረት አንጠልጥለዋታል፣ 14 ሚሊ ሜትር ትልቅ ባላንስ፣ በሰከንድ 5 ጊዜ ብቻ የምትመታ፣ የድሮ የኪስ ሰዓት አመታት ነው፣ ዓይን ይከተላታል። እና ከስሯ ሁለት ትንንሽ የሰዓት ፊቶች አሉ፣ ሁለቱም ለየብቻ ይስተካከላሉ፣ ሰዓቱም ደቂቃውም። ፈረንጅ ለጉዞ ነው የሚለው፣ እኔ ሳየው ግን አንዱን በሀበሻ አንዱን በፈረንጅ ነው ያልኩት። ለኛ ሰው የተሰራ ሰዓት እኛ በማንገዛው ዋጋ!

ደግሞ በ2021 ማድ 1 የሚል ረከስ ያለ አውጥተው ነበር፣ ረከስ ያለ ስልህ 2,900 የስዊዝ ፍራንክ። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ሚዮታ። የጃፓን ሚዮታ የሚባለው ተራ የሰዓት ማሽን፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው ዓይነት። ገልብጠውት በእጅ እንቅስቃሴ የሚሽከረከረውን ክብደት ከላይ አድርገው ሰዓቱን ደግሞ ከጎን ጠርዙ ላይ እንዲነበብ አደረጉት። ሳይ ሳቅኩ ከዚያ ዝም አልኩ። እኔ ስንቴ ያንን ማሽን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሲሽከረከር እያየሁ ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ሸጬው አላውቅም።

ስለ አቧራው ግን ቀልድ የለም። ግራይንደር የሚሰራበት ግቢ ውስጥ የሚበረው የብረት ዱቄት ነው፣ ዘይት ያገኘበት ይቀመጣል፣ ከዚያ ዘይቱ ራሱ ሞረድ ይሆናል ጥርሱን ይበላዋል። ክፍሏን ከግራይንደሩ በግድግዳ ለያት፣ የቆርቆሮውን ስፌት ድፈን፣ ሰዓቱን መስታወት ሳጥን ውስጥ አስገባ። ሌላው ይቅር፣ ሰዓቱን።

መካኒካል_አቃቂ

ጋሼ ሰዓትዎ አልተበላሸም። ጥርሱንም አይፍቱት በእግዚአብሔር። ችግሩ አዲስ አበባ ያለችበት ቦታ ነው።

99.4 የሚለው ልክ የአውሮፓ ልክ ነው። ፔንዱለምን ወደ ታች የሚስበው የመሬት ስበት እኛ ጋ ትንሽ ይቀንሳል፣ አንድም ወደ ምድር ወገብ ስለቀረብን አንድም ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ምናምን ላይ ስለተቀመጥን። ስበት ሲቀንስ ፔንዱለም ይዘገያል። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1672 ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ ከፓሪስ ሰዓት ይዞ ደቡብ አሜሪካ ካየን የምትባል ከተማ ሄዶ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ቀረበት። የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ ቁጥሩ አንድ ሆኖብኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሰውዬው ጥርሱን ሁለቴ ቆጥሮ ይሆን?

እኛ አገር ለአንድ ሰከንድ የሚሆነው 99 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ባሳጠሩ ቁጥር በቀን 43 ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። ከክብደቱ ስር ማስተካከያ ዳዶ ካለው፣ በ10 ቁልፍ የሚፈታው ዓይነት ቡሎን ከሆነ የጥርሱ ርቀት 1 ሚሊ ነው፣ አንድ ሙሉ ዙር 43 ሰከንድ ማለት ነው። ሦስት ዙር ተኩል ወደ ላይ ያጥብቁት፣ ከዚያ ሳምንት ጠብቀው በሩብ ዙር ይጨርሱ። ቆርቆሮ ቤት ስለሆነ ፍጹም ልክ አይመጣም፣ ብረት ዘንግ በአንድ ዲግሪ ሙቀት በቀን ግማሽ ሰከንድ ይለዋወጣል፣ ቀን ምድጃ ሌሊት ፍሪጅ ነው ቤቱ። በደረቅ እንጨት ዘንግ ቢቀይሩት ይሻላል፣ የድሮ ሰዎችም እንጨት ይጠቀሙ ነበር።

ሌላ አንድ ነገር፣ የሲኖትራክ ኩሽኔታ ካሉ ውስጡ ወፍራም ግሪስ አለ አይደል? 10 ኪሎ ብረት 2 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት 200 ጁል አይሞላም፣ ይሄ አንዲት የ5 ዋት አምፖል ለ40 ሰከንድ ቢያበራ ነው። ሰዓቱ ግን በሱ ቀኑን ሙሉ መሄድ አለበት። ግሪስ ያንን ጉልበት ዝም ብሎ ይበላዋል። በነጭ ጋዝ ይጠቡትና የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ፣ አንድ ብቻ። ያኔ ክብደቱንም መቀነስ ይችላሉ።

ማሂ_ኮዬ

እኔ ሥዕል አስተማሪ ነኝ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው ማለትም ጎረቤትህ ነኝ። ያቺ የተበየደችው ጎማ ልቤን ነው የሰበረችው፣ አበባው ደግሞ! ግን እስቲ በሌላም ገጽ እየው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሰራ ሁሉ ይሄ ደርሶበታል፣ ወይ ያቆሙበታል ወይ ይቆምበታል። ቲንጌሊ የሚባለው ስዊዛዊ በ1960 ኒውዮርክ ሙዚየም ግቢ ውስጥ ከቆሻሻ መጣያ የለቀመውን ብስክሌት ጎማ፣ ፒያኖ፣ መታጠቢያ ገንዳ አገጣጥሞ ራሱን በራሱ የሚያፈርስ ማሽን አቆመ፣ 27 ደቂቃ ሄዶ እሳት ተነሳና እሳት አደጋ መጥቶ ጨረሰው። ዛሬ ባዝል ከተማ በስሙ ሙዚየም አለው።

ከሁሉ ግን የምወደው የአርተር ጋንሰን የተባለውን አሜሪካዊ ስራ ነው፣ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ጸጥ ነው የሚሉት። በዚህ ጫፍ ሞተር አለ፣ በደቂቃ 200 ጊዜ ይዞራል። ከሱ ቀጥሎ 12 ጥንድ ጥርስ ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ጥንድ ፍጥነቱን በ50 ያካፍለዋል። የመጨረሻዋ ጥርስ አንድ ዙር ለመዞር ከ2 ትሪሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ስለዚህ ሰውየው ምን አደረገ፣ የመጨረሻዋን ጥርስ ኮንክሪት ውስጥ ቀበራት። ሞተሩ ይዞራል፣ ኮንክሪቱ አይሰነጠቅም፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ይሄን አንተ ጓሮ ውስጥ ባለው ቶርኖ መስራት ትችላለህ እኮ፣ ሲሚንቶው ብቻ ነው ውድ።

ኑሮ በዘዴ ደግሞ የደላው ሙቅ ያኝካል ያልከው፣ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም አይተኸዋል? ከመስራቾቹ አንዱ ኤልያስ ስሜ መርካቶ ከሚገኝ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና ሽቦ እየሰራ ነው ዓለም ያወቀው። ምናለሽ ተራ ሄዶ ብረት የሚመርጥ ሰው ደላው አይባልም።

ያንተ ጋለሪ ላይ ግን አንድ ነገር ልለምንህ፣ ሞተሩን አውጣው። ዋይፐር ሞተሩን። ለሴትዮዋ ዛቢያ ስራላት ሰው በእጁ ያዙራት። መብራት የለም የሚለው ችግርህ እዚያው ያልቃል፣ ድምፅ ይረብሻል የሚልም አይኖርም ምክንያቱም የሚያዞረው ራሱ ነው። ልጅ ዛቢያ ይዞ ምጣዱ ሲወዘወዝ ሲያይ፣ እጁ ላይ ጥርሱ ሲነካካ ሲሰማው፣ ሞተር ካለው ይሄ የለም።

ከጄኔቭ_እቴነሽ

ማሂ ልክ ብላለች የኔ ቆንጆ። እኔ እዚህ አገር 19 ዓመቴ ነው፣ አሮጊት ጠባቂ ነኝ፣ የምጠብቃቸው እመቤት ባለቤታቸው ሰዓት ሰሪ ስለነበሩ ከሳቸው ጋር ያልገባሁበት የሰዓት ቤት የለም። ማድ ጋለሪም ገብተናል። በርሊን የሚኖር ቡህቫልድ የሚባል ሰው የሰራቸው መብራቶች አሉ፣ ብረትና ነሐስ ናቸው፣ እግር ያላቸው ነፍሳት ይመስላሉ፣ መቼም ሊራመዱ ነው ብለሽ ትፈሪያለሽ። ወንድሜ አንተም መብራት ስራ፣ ሰዓት ሁሉም አይገዛም መብራት ግን ሰው ሳሎን ያስቀምጣል።

ሌላ የማይረሳኝ ኑሻቴል ሙዚየም ነው። ከ1768 እስከ 1774 ዣኬ ድሮዎች የሰሯቸው ሦስት አሻንጉሊቶች አሉ፣ አንዱ በሺዎች በሚቆጠር ዕቃ የተሰራ ትንሽ ልጅ ነው፣ ላባውን ቀለም ውስጥ ነክሮ ራገፍ አድርጎ ይጽፋል፣ ዓይኑ ደግሞ የሚጽፈውን ይከተላል። ስሙን ጥሩልኝ ስላሴን ብዬ አማተብኩ። ግን ልብ በል፣ ሁልጊዜ አያንቀሳቅሱትም። በወር አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው እሁድ ነው የሚያሳዩት። ሰው ያንን እሁድ ጠብቆ ነው የሚመጣው። እና አንተም ቀን ቁረጥለት፣ እንደ ማኅበር። ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ በሩን ለመለካት የመጣ ሰው አለፍ ብሎ አይቶት ይሄዳል እንጂ ለሱ ብሎ አይመጣም።

መካኒካል_አቃቂ

ይቅርታ አንድ ነገር ረስቼ፣ በሀበሻ ነው በፈረንጅ ላሉት። ሁለቱንም። የኛና የነሱ ልዩነት 6 ሰዓት ነው፣ ክቡ ላይ 6 ሰዓት ማለት ትይዩ ማለት ነው። ሁላችንም ፈረንጅ ሰዓት አስረን ተቃራኒውን ነው የምናነበው። ስለዚህ ትንሿን ቆጣሪ በሁለት በኩል ያርዝሟት፣ አንዱ ጫፍ ቀይ አንዱ ጥቁር። ቀዩ 1 ሰዓት ሲል ጥቁሩ 7 ላይ ነው። ሌላ ጥርስ አያስፈልግም አንድ ቁራጭ ላሜራ ነው።

ሰዓት_ሰሪ_ለገጣፎ

ይሄ ልጅ ከየት መጣ? 26 ዓመት ሰዓት ሰርቼ ይሄ አልታየኝም። ብቻ ሚዛኗን እንዳትረሳ ወንድሜ፣ ሁለቱ ጫፍ እኩል ክብደት ይሁኑ፣ አለዚያ ከላይ ስትወርድ ትፈጥናለች ስትወጣ ትጎትታለች።

ቶርኖ_ቱሉዲምቱ

ሳምንት ዝም ያልኩት ስሰራ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

ዳዶውን ሦስት ዙር ተኩል አጠበቅኩት። በነጋታው 11 ሰከንድ ብቻ ነው የዘገየው፣ ሩብ ዙር ጨመርኩ፣ አሁን አራተኛ ቀኑ ነው ከስልኬ ጋር እያስተያየሁ ነኝ፣ ጠዋት ትንሽ ይቀድማል ማታ ትንሽ ይቀራል፣ ቆርቆሮው ነው። ባለቤቴ በየቀኑ ስልክና ሰዓት ይዤ ቆሜ ስታየኝ መድኃኒት እንደጀመረ ሰው ሆንክ አለችኝ። ኩሽኔታውን ስጠበው የወጣው ግሪስ ግማሽ ቆርቆሮ ኩባያ ይሞላል፣ አሁን በ7 ኪሎ ይሄዳል። ባለ ሁለት ጫፏን ቆጣሪ ዛሬ ቆረጥኳት፣ ሚዛኗን በመርፌ ላይ አቁሜ ሞረድኳት።

ሞተሩን ማውጣቱ አሳዘነኝ፣ ግን አወጣሁት። ዛቢያውን ከድሮ የስፌት መኪና ነው ያደረግኩት። አንደኛው ልጄ እዚህ የሚሰራው፣ ብየዳ ላይ እንጂ ሌላ ነገር የማይማርከው፣ ትናንት ምሳ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲያዞራት አገኘሁት። ሰባቱን ቆጥሮ ቀና ስትል ይስቃል፣ ደግሞ ይጀምራል።

ክፍሏን በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው የምከፍታት፣ እትዬ እቴነሽ እንዳሉት። መግቢያ የለም። ያቺን የተበየደች ጎማ ሆቴሉ ከሸጠልኝ መልሼ ገዝቼ እንዳለች ከነአበባዋ አስገባታለሁ።

ኑሮ_በዘዴ

8 ሰዓት በቀይ ነው በጥቁር? ለማንኛውም እኔ ጋ የአንድ ክፍል በር የሚለካ አለ፣ ቦሌ አራብሳ ነኝ፣ በዚያው ልምጣ።

ቶርኖ_ቱሉዲምቱ

ና። በሩን ሰኞ መጥቼ እለካልሃለሁ። እሁድ ግን ዛቢያዋን አንተ ነህ የምታዞራት።